የባለዘውዱ ምስክር

ፀጉር አስተካካዩን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «ባለዘውዱ» ነው የሚለው፤ ቅጽል ስሙን ያመጣበትም የገዛ አፉ ነው። መቼስ አፉ አያርፍም! ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ከታሰረ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ወደ መንገድ አይወጣ ነገር። ባለዘውዱ ወሬውን የሚጀምረው ልክ ያን ጊዜ ነው።

«ድሮ ሚስቴን ይዤ ያንን ተራራ ወጣሁ» ይላል፣ በመስኮቱ የሚታየውን ተራራ በመቀሱ እያሳየ። «ፀሐይ ከኋላችን ብቅ ስትል ከፊታችን ያለው ገደል በጉም ሞልቷል። የሁለታችንም ጥላ ጎን ለጎን ጉሙ ላይ አረፈ። ታዲያ ምን ባይ ጥሩ ነው? የእኔ ጥላ ራስ ዙሪያ ክብ ቀስተ ደመና! ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ ሰማያዊ። የእሷ ግን ባዶ። አያችሁልኝ? ፀሐይዋ መርጣ እኔን ሾመችኝ!»

ፀጉር አስተካካይ ከሰው ጋር የሚያወራው በመስታወት ነው። ባለዘውዱም ፊቱን ሳያዞር በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ሚስቱ ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች።

«አይደለም እንዴ?» ይላታል።

«አዎ፣ እሱ ላይ ነበር» ትላለች፣ ከፎጣዋ ቀና ሳትል።

በቃ! ከዚህ በኋላ ማን ይከራከራል? ደንበኛው ይስቃል፣ ያምናል፣ ጢሙን ተላጭቶ ይሄዳል።

እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ፎጣው ይታጠባል እንጂ የሚያጥፈው የለም፤ በርጩማዋ ላይ ተከምሮ ይውላል። ቤት ሲገባ ደግሞ ሰው ያለ እንዲመስለው ብሎ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ምን እንደተወራ ቢጠይቁት አያውቅም። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያደርግ ማን ነግሮት! ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውል ሰው፣ ማታ «ደህና እደር» የሚለው አጣ።

አንድ ቀን ለጢም የመጣ ሹፌር ላይ ያንኑ ወሬውን ጀመረ። «አይደለም እንዴ?» ሲል በልማድ ዓይኑ በመስታወቱ ወደ በርጩማው ሄደ። የተከመረ ፎጣ ብቻ።

«ተወው ባለዘውዱ፣ በሕልምህ ይሆናል ያየኸው» አለ ሹፌሩ፣ ተራ የሚጠብቁትም ሳቁ።

እሱም አብሮ ሳቀ። ሆኖም ምላጩን አስቀመጠው። ያቺን ጠዋት ከእሷ ሌላ ያየ ሰው የለም። የሚመሰክርለት ካጣ ያቺ ጠዋትም ልትሞትበት ነው። ይሄ ነው ያንገበገበው።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም አናጺ ነው። ባለዘውዱ ሄዶ «ና፣ ተራራ እንውጣ፤ አንተ ካየህልኝ ሰው ያምነኛል» አለው። አናጺው እህቱን ይወድ ስለነበር እሺ አለ። የመጀመሪያው እሁድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ምንም ሳያዩ ተመለሱ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ገደሉ በጉም ሞልቶ ጠበቃቸው።

«ጋሼ፣ ጉልበቴን እኮ ጨረስከው» አለ አናጺው እያለከለከ።

«ዝም በልና ወደ ፊት እይ!»

ፀሐይ ከኋላቸው ወጣች። ሁለት ረጃጅም ጥላዎች ጉሙ ላይ ተዘረጉ። የባለዘውዱ ጥላ ራስ ዙሪያ፣ እንደ ድሮው፣ ያ ክብ ቀለም ቦግ አለ።

«ይኸው! እኔ ላይ! አየህ አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ላይ ነው!»

«አንተ ላይማ ምንም የለም! ዓይንህን ታመሃል?»

«ቆይ፣ እጅህን አንሳ እስቲ።» ባለዘውዱ እጁን አነሳ። «እጁን ያነሳው ጥላ ራሱ ዙሪያ ባዶ ነው። ቀለሙ ያለው የእኔ ላይ ነው።»

ቦታ ተለዋወጡ። ያው ነው። ቁጭ ብለው አዩ፣ ቆመው አዩ። ለባለዘውዱ ቀለሙ የሚታየው በራሱ ጥላ ላይ፣ ለአናጺውም በራሱ ጥላ ላይ ነው። እንደ ሕፃን ሲጨቃጨቁ ቆይተው አናጺው በሳቅ ፈረሰ።

«ገባኝ ጋሼ! ሰው የሚያየው የራሱን ብቻ ነው። አንተ የእኔን አታይም፣ እኔም ያንተን አላይም። ታዲያ እታለም ያንተን እንዴት አድርጋ…»

ሳቁን አቆመ። ባለዘውዱ ክው ብሎ ቀረ።

ያኔ ተራራውን የወጡት እንዲያው ለሽርሽር አልነበረም። አሠሪው በደንበኛ ፊት አዋርዶ ካባረረው በኋላ ባለዘውዱ አልጋ ላይ ተኝቶ ሰው አላይ ብሎ ነበር። እየጎተተች ያወጣችው እሷ ናት። «እኔ ላይ ነው!» ብሎ ሲጮህ ዝም ብላ ጉሙን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ፈገግ ብላ «አዎ፣ አንተ ላይ ነው» አለችው። በደስታ እየዘለለ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ የራሱን ፀጉር ቤት ከፈተ። ያንን ዝምታዋን ደግሞ፣ የዋሁ፣ ቀንታ ነው ብሎ ነበር።

«የራሷን እያየች ነው እኮ ‹አንተ ላይ ነው› ያለችኝ» አለ። «ዕድሜዋን ሙሉ፣ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ…»

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አናጺው ትከሻው ላይ እጁን ጣል አደረገ። ጉሙ ሳስቶ ጥላዎቹም ጠፉ።

በሳምንቱ ያ ሹፌር ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ግማሽ ፀጉሩ በማሽን እንደተቆረጠ ባለዘውዱን በመስታወቱ ጠቀሰው። «እህሳ፣ ዘውዱ እንዴት ነው?»

«እኔ ላይ አይደለም» አለ ባለዘውዱ። «እሷ ላይ ነበር።»

«ማን ላይ?»

«ሚስቴ ላይ። አልነገረችኝም እንጂ።»

ማሽኑን አጠፋ። ሹፌሩ «ኧረ ግማሽ ፀጉሬ!» እያለ ባለዘውዱ ጥሎት ሄደና በሩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የተከመረውን ፎጣ ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረ።

«አዎ፣ እሷ ላይ ነበር» አለ፣ ከፎጣው ቀና ሳይል።