ደፋኙና ዐሥራ ሁለቱ ስንጥቆች

አማቼ ቀዳዳ አይወዱም። አርባ ዓመት ሙሉ ባልዲ ሲሠሩ፣ የሚያፈስ በርሜል ሲበይዱ ኖረው ቀዳዳን እንደ ግል ጠላት ነው የሚያዩት። የሰፈሩ ሰው «ደፋኙ» ይላቸዋል። እኔም እላቸዋለሁ፤ በሌሉበት። ከሱቃቸው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ይሞላል፤ ጠብ ሳይል ከዋለ ብቻ ቂጡ ላይ ማኅተማቸው ይመታበታል።

ባለቤቴ የሳቸው ልጅ ናት፤ አስተማሪ። ያኔ የምትሠራው በጊዜያዊነት ነበር። ቋሚ መሆኗ የሚወሰነው ተቆጣጣሪዋ ክፍል ገብታ በምታየው አንድ ትምህርት ነው። ትምህርቱ ስለ ዐይን ስለሆነ፣ አባቷን የሚሽከረከር ክብ ቆርቆሮ አሠራቻቸው፤ ከአፉ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ዐሥራ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉት። በውስጡ በሚጠመጠመው ወረቀት ላይ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ውሾች ሣለች፤ እያንዳንዱ እግሩን ከፊተኛው ትንሽ ለወጥ ያደረገ።

«በስንጥቁ እያዩ ሲያሽከረክሩት ውሻው ይሮጣል፣ አባባ።»

«ቀዳዳው ለምን አስፈለገ?»

«ከሌለ ሥዕሎቹ ተደበላልቀው ግራጫ መስመር ይሆናሉ። ስንጥቁ አንዱን ብልጭ አድርጎ ያሳይና ይጋርደዋል። ዐይን ደግሞ ያየውን ቶሎ አይለቅም፤ አንዱን ሳይረሳ ሌላው ይደርስበታል።»

«ገባኝ» አሉ። ገብቷቸው ቢሆን ጥሩ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልለው ክፍል ድረስ ራሳቸው ይዘው መጡ። እኔም ላግዝ በሚል ሰበብ ተከትያቸው ገባሁ። ባለቤቴ ጨርቁን ገለጠችና ክው አለች። ዐሥራ ሁለቱም ስንጥቆች ተበይደው፣ በሞረድ ተስተካክለው ያብረቀርቃሉ። ማኅተሙም አለ።

«አባባ! ምን አደረጉት?»

«ውሃ ሞላሁበት፤ አፈሰሰ» አሉ፣ ዐይናቸውን በጨው አጥበው። «የሚያፈስ ዕቃ በስሜ አይወጣም።»

ዐመል ያወጣል ከመሐል ይባላል፤ የሳቸው ዐመል ግን ልጃቸውን ሊያስወጣ ነው። ተቆጣጣሪዋ ከነደብተሯ ገብታ ተቀመጠች። ባለቤቴ ምን ታድርግ? አሽከረከረችው። ተማሪዎቹ ከላይ አጎንብሰው አዩ።

«ውሻው የታለ?»

«ጭስ ነው እንጂ ውሻ የለም!»

ተቆጣጣሪዋ እርሳሷን አነሣች። የባለቤቴ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቄ ጠፋ። አማቼም አይተዋል። ብድግ ብለው ከኮታቸው ኪስ መሮና መዶሻ አወጡ። ትምህርት ቤት መሮ ይዘው የሚመጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አውጥተው፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ያን የመሰለ ብየዳቸውን ጧ! ጧ! እያደረጉ ይከፍቱት ጀመር። ተማሪዎቹ በጩኸት ቆጠሩላቸው። ዐሥራ ሁለት ሲሉ ወረቀቱን መለሱና አሽከረከሩ።

ውሻው ሮጠ። ክፍሉ ቀውጢ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ ሳትቀር አንድ ዐይኗን ጨፍና ስንጥቁ ላይ ተለጠፈች።

«ቅድም ለምን አልታየንም?» ብላ ተማሪዎቹን ጠየቀቻቸው።

«ቀዳዳ ስላልነበረው!» አሉ በአንድ ድምፅ።

ሴትዮዋ ተደነቀች። «መጀመሪያ ደፍኖ ማሳየት፣ ከዚያ መክፈት! የማን ሐሳብ ነው?»

ባለቤቴ አፏን ከፈተች። አማቼ ቀደሟት።

«የልጄ ነው» አሉ፣ ሳያቅማሙ። «እኔማ ሞኝነት መስሎኝ ተከራክሬያት ነበር።»

ተቆጣጣሪዋ ያንኑ ጽፋ፣ የባለቤቴን እጅ ጨብጣ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ባለቤቴ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ቆይ ልቀቂኝ» አሉ፣ ወደ ስንጥቁ ጎንበስ እያሉ። «እስቲ አሽከርክሪልኝ፤ እኔ እኮ ገና አላየሁትም።»