ጋሽ ይሁኔ በእኔ ፈንታ የተሸከሙት ድንጋይ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ለእሳቸው የማቀርበው ሁልጊዜ ትንንሹን ነው፤ ጾም መግደፌን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን። ትልቁን ብብቴ ሥር ወሽቄ ይዤው እመለሳለሁ። ዛሬ ለእናንተ የማወጣው አንባቢ ቀኖና አይሰጥም ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ፈሪነቴን ከዚሁ እወቁልኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች ሆነን የመሠረትነው የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። ሰብሳቢያችንን ሙሴ እንለዋለን። ሙሴያችን ጋሽ ይሁኔ ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ቀጭን ሰው። እኔ ደግሞ አጫዋቹ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ የሾመችኝ ምላሴ ናት።

አንድ ቀን ከሁለት ማኅበርተኞች ጋር ጣና ዳር አሣ ስንበላ፣ የአዲሷ አባላችን የስንዱ አባት ቀጥቃጭ እንደ ነበሩ ሰማሁ። ቀጥቃጭ ሲባል ቡዳ ማለት ይቀናናል። እኔ ሰምቼ ዝም አልሁ? ምን ሲደረግ! «የሚቀጥለው ተራ የእሷ ነው፤ ጠበል ጠጥታችሁ ሂዱ፣ ዓይኗ ካረፈባችሁ አበቃላችሁ» አልሁ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በቀልዴ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ። ቡዳ አለ ብዬ አምን ነበር? አላምንም። ይህ ጥፋቴን ያቀለዋል? ያከብደዋል እንጂ! ወሬው ተዛምቶ ከድግሷ የቀሩት ፈርተው ነው። እኔ ምን ምክንያት አለኝ?

ስንዱ ከከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ በሠራችው አዲስ ቤት ደግሳ ጠበቀች። የአንዱ ልጅ ታመመ፣ አንዷ እንግዳ መጣባት። እኔ፣ ወሬውን የፈጠርሁት እኔ፣ «ባጃጅ አጣሁ» አልሁ። ጋሽ ይሁኔ ብቻቸውን ሄዱ።

በወሩ ባለተራው እኔ ነበርሁ። ቤቴ ሞላ። ጋሽ ይሁኔ ባዶ እጃቸውን ገቡ።

«ጽዋውስ?» አልናቸው።

«ስንዱ ቤት ነው።»

«አላስረከበችም እንዴ?»

«ማን መጥቶ ይረከባት?»

አንዱ ብድግ ብሎ «እንግዲያው ሌላ ሙሴ እንመርጣለን፤ እርስዎም ደክመዋል፣ ይረፉ» አላቸው። ብዙው አጉረምርሞ ደገፈው። ለጋሽ ይሁኔ ማኅበሩ ሚስታቸውን የቀበረላቸው፣ ልጆቻቸውን የዳረላቸው ነው፤ በከተማው ሌላ ዘመድ የላቸውም።

«ሙሴነቱን ውሰዱት» አሉ በዚያች በማትሰማ ድምፃቸው። «እግዚአብሔር በአርአያው የፈጠራትን ተጸይፈን የምንጠጣው ጽዋ ግን የሚካኤል አይደለም። እኔ ወደ እሷው ነኝ።»

ወጡ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏቸው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። እኔም ድግሴን ከድኜ ከኋላ። ሚኒባስ ሞልተን ዘንዘልማ ገባን።

ስንዱ ደጅ ላይ ጋሽ ይሁኔ ወደ እኛ ዞሩ። «ነገሩን የጀመረው ሰው ወጥቶ ይቅርታ ይጠይቃት» አሉ። አሣ አብረውኝ የበሉት ሁለቱ መሬት መሬት አዩ። እኔ ጎንበስ አልሁና የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ እንደገና አሰርሁ።

የሚወጣ ሲጠፋ ጋሽ ይሁኔ ከግቢው ድንጋይ አነሡ፤ ማጅራታቸው ላይ ጭነው ስንዱ እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ መሪያቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሪኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በሚካኤል ይነሡ!» እያለች ድንጋዩን ልትቀበላቸው ታገለች። «ይቅር ብያለሁ፣ ለሁሉም ይቅር ብያለሁ!»

እኔስ? ገብቼ በላሁ። አስጨመርሁ። እንዲያውም አጫወትሁ።

ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ጥፋት ሲመጣ ከበታቹ ላይ የሚጥል። የሌላውን በደል አንሥቶ በራሱ አንገት ላይ ያደረገ ያየሁት ግን አንድ ነው። ጌታ የእኛን መስቀል ተሸከመ ሲባል ስንት ዘመን ሰምቼ ያልገባኝ፣ በዚያ ግቢ ገባኝ። ገብቶኝስ ምን አደረግሁ? ዝም አልሁ።

ስንዱ፣ ለጋሽ ይሁኔ የሰጠሽውን ይቅርታ ሰርቄ ስኖርበት ቆይቻለሁ። ቀልድ ነበር አልልሽም። አርጅቻለሁ ብዬም ሆድሽን አላባባም። በሚመጣው ሚካኤል፣ ጽዋው ሳይቀዳ፣ በሁሉም ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። መማሩ የአንቺ ፈንታ ነው። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።