«ከጠዋቱ» የምትለዋ ቃል

እስኪ ይህችን ወረቀት እዩልኝ። ግማሽ ገጽ ናት። ከታች ማኅተም አርፎባታል፤ የያዛት ሰው እጅ ላብ ስለነበረው ቀለሙ ትንሽ ፈስሷል። «ታካሚው በወባ ስለተያዘ ከጥቅምት 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ለሰባት ቀን እረፍት ያስፈልገዋል» ትላለች። ሐኪሙ ፈርሟል። የካርድ ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ። ምን ጎደላት? ምንም! ዘሚካኤል አስናቀ ግን ይህችን ወረቀት ከከተማው ላይኛ ሰፈር ከሴቻ ባለው ቤቱ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሲያስቀምጣት፣ አብራት ሌላ ወረቀት አስተኝቷል። ሁለተኛዋ «ከጥቅምት 13 ቀን ጀምሮ ያለፈቃድ ከሥራ ቀርተዋል» ትላለች። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሕመም፤ ወረቀቱ ግን ሁለት።

ዘሚካኤል አብራሪ ነው። አባቱ በመሬት ቀያሽነት ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ እሱ ሴቻ ተወልዶ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየ ያደገ ልጅ ነው። የሚሠራው አስራ ሁለት ሰው በምትጭን አውሮፕላን ቱሪስት ወደ ኦሞ በሚያመላልስ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር። ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ሲወርድ ባለባጃጁ ሁሉ «ካፒቴን!» ይለዋል። ካፒቴን ሲባል ሰው ገንዘብ ከሰማይ የሚዘንብለት ይመስለዋል። ደመወዙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ቤቱን የሚያቆመው የበረራ አበሉ ነው። ያልበረረ ቀን ደግሞ አበል የለም። ሕጉ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዙን ያገኛል ይላል፤ ጥሩ ይላል! አበሉን ግን ደመወዝ ነው የሚል የለም። ስለዚህ አብራሪው ሲያመው ምን ያደርጋል? ዝም ይላል።

ዘሚካኤልም አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጉንፋን ይዞት በረረ። አውሮፕላኗ ወደ አባያ ዝቅ ማለት ስትጀምር ግራ ጆሮው በወስፌ የተወጋ ያህል ነደደና ዓይኑ ፊት ጨለመ። ለስንት ሰከንድ እንደሆነ ዛሬም አያውቅም። ሲያርፉ ከኋላ ያሉት አስራ አንድ ሰዎች አጨበጨቡለት። ያን ቀን ማታ ለሚስቱ ለኑኃሚን «ሁለተኛ አሞኝ አልበርም» አላት።

እንግዲህ ያ ጥቅምት 13 መጣ። ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው አድሮ ሲነጋ መቆም አቃተው። በረራው ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር። የድርጅቱ መመሪያ ደግሞ አብራሪ ከታመመ ከበረራው አራት ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። የሞባይል ኔትወርክ ከማለዳ ጀምሮ ስለጠፋ፣ ኑኃሚን የምታስተምርበትን ክፍል ለባልደረባዋ አደራ ብላ በባጃጅ ሲቀላ ወረደች። የድርጅቱ ወኪል ጋሻዬ ቢሮውን ገና መክፈቱ ነበር፤ ባሏን ወባ እንደጣለው ነገረችው።

«ካፒቴን ወባ? አየር ላይ ያለ ሰው ወባ የት አገኘው?»

«ተው እባክህ ጋሻዬ፣ ቀልድ አታምጣ። ለአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ጻፍልኝ።»

ጋሻዬ ደንግጦ ወዲያው ጻፈ። ጥሩ ልጅ ነው፣ እጅ ጽሑፉም ያምራል። «ካፒቴን ዘሚካኤል መታመማቸውን በ2፡00 ሰዓት አሳውቀዋል» ብሎ በፋክስ ላከው። ኑኃሚን ባሏን ደግፋ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ስድስት ሰዓት አስቀድመው አሳውቀዋል፤ ሁለቱም ልባቸው አረፈ።

ፋክሱ አዲስ አበባ ማንም ሳያነሳው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ዋለ። በረራው ተሰረዘ፤ ቱሪስቶቹ ጮኹ። ከዚያ ነው ወረቀቷ የተነበበችው። ድርጅቱ የበረራ ሰዓት የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የኛ ስምንት ሰዓት መዝገቡ ላይ 14፡00 ነው፤ ቢሮው ሁሉ «የሁለት ሰዓቱ በረራ» ይለዋል። እና 2፡00 የምትል ወረቀት ሲያዩ ምን አሉ? አውሮፕላኗ በምትነሳበት ደቂቃ አሳወቀ አሉ!

በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ሲመጣ ስልክ ተደወለ፤ «ያለፈቃድ ቀርተሃል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ራስህ አዲስ አበባ ቀርበህ አስረዳ» ተባለ። ወባው ያልለቀቀው ሰው ንጋት ላይ ሲቀላ መናኸሪያ ጋቢ ተከናንቦ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ አንድ ባለባጃጅ አየው።

«ካፒቴን! አውሮፕላኑ ጎማ ተነፈሰ እንዴ?»

ዘሚካኤል መሳቅ ፈልጎ አቃተው። ለወባው የሚውጠው ኩዊኒን ጆሮውን እያጮኸበት ነበር።

በማግስቱ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሸዋንዳኝ ፊት ተቀመጠ። የሐኪሙን ወረቀት ዘረጋለት። ሸዋንዳኝ አላያትም፤ ጣቱን ፋክሱ ላይ ተከለ።

«ሁለት ሰዓት ይላል።»

«የጠዋቱ ነው፣ አቶ ሸዋንዳኝ።»

«የጠዋቱ የሚለው የት አለ? አሳየኛ!»

«እርስዎ ዛሬ ቢሮ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ከሰዓት በኋላ?»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሳቋን በእጇ አፈነች። ሸዋንዳኝ ግን ፊቱ ቀላ። «እዚህ መዝገብ ላይ የአበሻ ሰዓት የሚባል ነገር የለም! ደግሞ ይህ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያህ ነው። ሦስተኛው ስንብት መሆኑን ታውቃለህ።» የመጀመሪያው ባለፈው ክረምት፣ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ አንድ ሰዓት ያረፈደ ጊዜ የተሰጠው ነው።

ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። ይሄኔ ነው ነገሩ የሚያቃጥለው።

«ስማኝ ካፒቴን፣ የወንድም ምክር ልምከርህ። ነገ ጠዋት በረራ አለ፤ አብራሪ የለንም። እሷን ብቻ ብረርልን። ይሄን ፋክስ እዚሁ ፊትህ እቀደዋለሁ፤ የቀረህበትም ቀን በሕመም ይያዝልሃል።»

አያችሁ? ታሞ መቅረቱ ወንጀል ሆነና፣ ወንጀሉ የሚፋቀው ታሞ በመብረር ሆነ! ዘሚካኤል የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ አሰበ፣ የቤቱን ኪራይ አሰበ። እሺ ማለት አንድ ቃል ናት። የአባያ ውኃ ወደ ዓይኑ እየቀረበ የጨለመበት ያ ቅጽበትም መጣበት።

«አቶ ሸዋንዳኝ» አለ፣ «አሁን የሚሉትን የምሰማው ከንፈርዎን እያየሁ ነው። ጆሮዬ ይጮኻል። ነገ በሬዲዮ የሚያናግሩኝ ሰዎች ከንፈር አይታየኝም። አልበርም።»

«እንግዲያው የራስህ ጉዳይ» አለና ሸዋንዳኝ እስክሪብቶውን አነሳ።

ሁለተኛዋ ወረቀት እንዲህ ተወለደች። በሕግ የተፈቀደለት የሰባት ቀን ደመወዝ ተቆረጠ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ጋሻዬ ሲሰማ ሴቻ ድረስ በእግሩ ወጥቶ በራቸው ላይ ቆመ።

«ካፒቴን፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁህ። ‹ከጠዋቱ› የምትል አንዲት ቃል።»

«አንተማ አገር የሚናገረውን ጻፍክ። ግባ፣ በር ላይ አትቁም።»

ጋሻዬ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ ላይ «ከጠዋቱ» ሳይል አያልፍም፤ ለጠዋት ቁርስ የዳቦ ሒሳብ እንኳ ሲጽፍ «ከጠዋቱ» ይላል ብለው ይስቁበታል። ይሳቁ። ያች ቃል የሰው እንጀራ ናት።

ይሁንና ነገሩ በዚያ አላለቀም። ሰኔ ላይ ዘሚካኤልን ጉንፋን ያዘው። በማግስቱ በረራ አለው። ኑኃሚን በማለዳ ትኩስ ውኃ እያቀረበችለት «ትነግራቸዋለህ?» ብላ ጠየቀችው። ሦስተኛው ወረቀት ስንብት ነው። ዘሚካኤል ግራ ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ ተነስቶ እስክሪብቶና ወረቀት አመጣና «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መታመሜን አሳውቄያለሁ» ብሎ ጻፈ። በጊዜ ቢያሳውቅም እንደ ቀሪ ተቆጠረና በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤው መጣ፤ ምክንያቱ «ተደጋጋሚ ከሥራ መቅረት» ይላል። በዚያች አውሮፕላን ሊሳፈሩ የነበሩት ሰዎች በረራው በመሰረዙ ሲሳደቡ ዋሉ። ያዳናቸውን ሰው ነበር የሚሳደቡት፤ ማን ይንገራቸው?

እናንተም ነገ ትሳፈራላችሁ። «አብራሪው ስለታመመ በረራው ተሰርዟል» ሲሏችሁ ቲኬት ቆራጯ ላይ አትጩኹ። ጠጋ በሉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ «የሕመም ፈቃዱን ሰጣችሁት?»