ለላውንደሪ የሚሆን እንግሊዝኛ

ትናንት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም።

ኡራኤል አካባቢ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ «የላውንደሪ ኃላፊ ልንቀጥር ነው፣ ቋንቋቸውን ገምግምልን» ብሎ ጠራኝና ሄድኩ።

መጀመሪያ የገቡት ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው። እዚያው ሆቴል ሲያጥቡና ሲተኩሱ ኖረው፣ የቀድሞው ኃላፊ ከለቀቀ ወዲህ ቦታውን በውክልና ይዘውታል። ሥራ አስኪያጁ ለምን እንዳመለከቱ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው።

«ፎር ኢምፕሩቪንግ ዘ ላውንደሪ» አሉ፣ ቀስ ብለው... ጥርት አድርገው።

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ሰማህ አይደል? ፎር ኢምፕሩቪንግ! በቃ ጣላት» አለኝ። እናቱ የሚሆኑ ሴት እዚያው ቁጭ ብለው!

እርግጥ ነው፣ ዓላማ ሲነገር «ቱ ኢምፕሩቭ» ነው የሚባለው። ግን እኛ «ለማሻሻል» ስለምንል፣ ያችን «ለ» ይዘን እንግሊዝኛ ውስጥ ስንገባ ሁላችንም «ፎር» ላይ እናርፋለን። ተማሪዎቼን ስንቴ አርሜያቸዋለሁ። ማለቴ... በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚስተካከል ነገር ነው!

«ያሉት ገብቶኛል፣ አንተም ገብቶሃል። ታች ያሉት አጣቢዎች ደግሞ የሚያወሩት አማርኛ ነው» አልኩት። ወይዘሮ ዝናሽ አመስግነው ወጡ።

ቀጥሎ አንድ ዘናጭ ሰውዬ ገባ። «እህትህን ጠዋት ሳላያት ነው የወጣሁት፣ ደህና አደረች?» አለው ሥራ አስኪያጁ። ለካ የሚስቱ ወንድም ነው! ማኪያቶ ታዘዘለት። ወሬው ሁሉ በአማርኛ... ኳስ ሳይቀር።

«እንግሊዝኛውስ?» አልኩ።

«እሱ ይችላል፣ አውቀዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። «እኔን የጠራኸኝ ሴትየዋን እንድጥልልህ ነው? ስሜን እዚህ ነገር ውስጥ እንዳታስገባ!» ብዬ ተነሳሁ። «ቲቸር፣ ምን ያስቆጣሃል? ነገሩ እኮ አልቋል» አለኝ፣ እየሳቀ።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ዝናሽ ቆመዋል። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ሳስብ ቀደሙኝ።

«ጸሐፊዋ አሁን ነገረችኝ፣ ልጄ... አዲሱን ኃላፊ ሥራውን አለማምጂው ተብያለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በሉ እንግዲያው... በእንግሊዝኛ ብቻ ያለማምዱት» ብያቸው ወጣሁ።