ባዶ ቤት የተቀዳ አንድ ደቂቃ

በዩኒቨርሲቲው የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቆርጥ ስቀጥል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ተማሪዎቹ ከጀርባዬ «እትዬ መቀስ» ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። በጆሮዋ እንጀራ የምትበላ ሴት አትሰማም ብለው! ምራቅ ሲዋጥ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ወንበር ሲንቋቋ አንዱም አያመልጠኝም፤ ቁርጥ አድርጌ መጣል ነው። ከእጄ የወጣ ሥራ ንፁህ ነው እያልኩ እኩራራ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷን ደግሞ «አስሬ» ነበር የምንላት። አንዱን ጥያቄ አስሬ ትጠይቃለች፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር አስሬ ትቀዳለች፣ የቀዳችውን አስሬ ታዳምጣለች። አንዳንዴ ደሜን ታፈላው ነበር፤ ግን እወዳታለሁ። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ወሬ የማያበዛ ሰውዬ። የመመረቂያ ፕሮግራሟን በእሱ ላይ ልትሠራ መሆኑን ስትነግረኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለሬዲዮ አፉን የሚከፍት ሰው አጥተሽ ነው?» ብዬ ስቄባታለሁ።

ቃለ መጠይቁን አመጣችና አብረን ሰማነው። ሰውዬው መናገር ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እህ፣ እህህ።» የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረዘም ያለ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ፣ «አባዬ፣ ስመረቅ ምን ትለኛለህ?» አለችው።

«እህ፣ እህህ...»

«አባዬ! ጉሮሮህን አትጥረግ አላልኩህም? እንደገና!»

እንደገና ጠየቀችው። እንደገና ጠረገ። እንደገና ተቆጣችው። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። በመጨረሻ ሳቅ አለና፣ «ኧረ ጠፋብኝ ልጄ፤ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» አላት።

«የዚህን ጥያቄ መልስ ሳትይዢ ዓይንሽን እንዳላየው» አልኳት። «ደግሞ የክፍሉን ዝምታ ረስተሻል።»

ይኼ የእኛ ሙያ ጣጣ ነው። ባዶ ክፍል ሁሉ የራሱ የሆነ ድምፅ አለው፤ ፍሪጁ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ጣሪያው አለ። ንግግር ቆርጠን ስናወጣ ክፍተቱን የምንደፍነው በዚያው ክፍል ዝምታ ነው፤ አለዚያ መቆረጡ ያስታውቃል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ይቀዳል። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን እየቀላቀሉ ስላስቸገሩኝ፣ መቅረጫውን አስቀምጠው፣ በሩን ዘግተው ውጭ እንዲቆሙ ነው የማዛቸው።

«ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። አባቷ ሐሙስ ሌሊት እንደተኛ ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ስትመለስ ማስረከቢያው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ጊዜው ይራዘምልሽ ብንላት በጄ አላለችም። «ምን ሊለኝ እንደነበር ሳላውቅ ቀረሁ። ቢያንስ ስመረቅ ይየኝ» አለች። ሞቶም ያያል ማለቷ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወደ ቤታቸው ሄደች። መቅረጫውን አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ በሩን ከውጭ ቆለፈች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ደቂቃዋን ቆጠረች። ከዚያ መቅረጫውን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝና ሄደች። «አስሬ» የቀዳችውን ሳታዳምጥ ስትሰጠኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አንጀቷ አልቻለም።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ፍሪጅ። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ። አርባኛው ሰከንድ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ለማይኩ በጣም ቀርቦ። «ወይ ይቺ ልጅ፣ ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ አስቀምጣ ነው የቀዳችው!» አልኩ በንዴት። የአስራ አምስት ተማሪ ሥራ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፤ እጄ ደግሞ ከሐሳቤ ይቀድማል። ቆረጥኩት፣ ገጠምኩት፣ መቅረጫውን ወረፋ ለያዘው ተማሪ ለመስጠት ካርዱ ላይ ያለውን ቅጂ አጠፋሁት።

በነጋታው ስትመጣ ገና በሩ ላይ ጀመርኳት። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ውጭ ቁሙ ስል ለግድግዳው ነው እንዴ የማወራው? ሰው አስገብተሽ ትቀጃለሽ?»

«እትዬ፣ ማንንም አላስገባሁም።»

«በጆሮዬ የሰማሁትን! ጉሮሮውን ሲጠርግ!»

ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «እንዴት አድርጎ ነው የጠረገው?» አለችኝ።

«እንዲህ አድርጎ ነዋ። እህ፣ እህህ።»

ከራሴ ጉሮሮ ሲወጣ ነው ያወቅኩት። የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረዘም ያለ። ሰባት ጊዜ የቆጠርኩት እኮ ነው!

አላለቀሰችም። «እንደዛ የሚያደርገው ሊናገር ሲል ነው» አለች። «እትዬ፣ ያሰሙኝ።»

«ቆርጬዋለሁ።»

«ካርዱ ላይስ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ ልጄ።»

የቀረውን ከፈትኩላት። ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈ። «አንድ ደቂቃ ነበር። አሁን ሃምሳ ስድስት ሰከንድ ነው» አለች። «ጉሮሮ ለመጥረግ አራት ሰከንድ ይፈጃል እንዴ?»

አይፈጅም፤ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። መገጣጠሚያው እንዳያስታውቅ ከኋላው ሰፋ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ልማዴ ነው።

«ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሰምተውታል?»

አስሬ የምትጠይቅ ልጅ ያን ቀን አንዴ ብቻ ጠየቀችኝ። ምነው ያኔ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ! አልሰማሁትም። ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁና መቀሴን አነሳሁ፤ በቃ።

አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፕሮግራሟን በቀኑ አስረከበች። መምህራኑ ተሰብስበው ሲያዳምጡ እኔ ድምፁን ለመቆጣጠር ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መጨረሻው ላይ የእሷ ድምፅ መጣ፤ «አባዬ፣ ስመረቅ ምን ትለኛለህ?» ከዚያ ዝምታውን ሳትነካ ሙሉውን አስገብታዋለች። ሃምሳ ስድስት ሰከንድ። መምህራኑ ቀና ብለው ተያዩ፤ አንደኛው መነፅሩን አወለቀ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አድርጋለች።

እኔ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። ምንም አልተሰማም። የቆረጥኩበት ቦታ ፈጽሞ አያስታውቅም፤ ንፁህ ነው።