ጆሮዬ ያልደረሰች እጅ

ልጅ እያለሁ ሰቆጣ ላይ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ዕድሜ አልነበረም፤ እጅ ነበር። ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፈሽ ግራ ጆሮሽን ከነካሽ ደርሰሻል። ካልነካሽ ትመለሻለሽ።

እኔና ዘይነባ በአንድ ሳምንት ነው የተወለድነው። አባቷ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራቸው፤ እናቴ ደግሞ እንጨት ተሸክማ ትሸጥ ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እሷ ከሱቁ ብስኩት ታመጣለች፣ እኔ በለስ ለቅሜ። የዚያ ብስኩት ሽታ አሁንም ካፍንጫዬ አልወጣም። እኛ ቤት ያን ክረምት እራት ማለት ቆሎ ነበር፣ እሱም ሲገኝ።

የምዝገባው ቀን ዘይነባ ጆሮዋን ይዛ ሳበችው። የኔ ጣት አናቴ ላይ ቀረ። ከኋላዬ ሆና፣ "አንገትሽን ዘንበል አድርጊ፣ አንቺ ድንክ" አለችኝ በሹክሹክታ። ዘንበል አልኩ። መምህሩ ሳቁ።

"አንገት አይቆጠርም። ለከርሞ በልታ ትምጣ።"

እናቴ፣ "ጌታዬ፣ ከዚችኛዋ ጋር እኩያ እኮ ናት፤ እርስዎ ካሉ..." ብላ ጀምራ ተወችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣ እጄን በቅባት እያሸች ትስበው ነበር።

ለከርሞ ጆሮዬን ነካሁ። ግን እናቴ አልጋ ይዛ፣ እንጨቱ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ዘይነባ ደብተሯን ይዛ፣ እኔ ሸክሜን ይዤ መንገድ ላይ እንገናኛለን። መጀመሪያ እንሳሳቅ ነበር፤ ኋላ ሁለታችንም ማዶ ማዶውን ማየት ጀመርን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ ከጎልማሶች ጋር ነው።

ልጄ እንደኔ እንዳትቀር ከአፌ እየነጠልኩ አበላኋት። በአሥራ አራት ዓመቷ በቁመት በለጠችኝ። ባለፈው ሳምንት ልጆችን ዓረብ አገር የሚልከው ደላላ ደጃፌ ቆሞ ከእግር እስከ ራሷ አያት። "ይቺማ ሃያ ናት ብንል ማን ይጠይቃል" አለ። ጓደኞቿ ሄደዋል። እሷም፣ "እማ፣ አሁንስ እረፊ፤ እኔ ደርሻለሁ" ትለኛለች። የዘይነባ ልጅ እኩያዋ ናት፣ እሷም ረጅም ናት። እነሱ ደጅ ግን ደላላ አይቆምም።

ድሮ ትልቅ ሰው ስሳለም "እደጊ" ሲሉኝ እናቴ እጇን ዘርግታ አሜን ትል ነበር። ዛሬ ልጄን እንዲያ ሲሏት እጄን ለአሜን አልዘረጋም።

ዛሬ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት እጇን ይዤ በአናቷ ላይ አሳለፍኩት። ጆሮዋን አልፎ አንገቷ ደረሰ። "ምን ሆነሻል፣ እማ?" ብላ ሳቀች።

እጇን አልለቀቅኩም።