አላውቃትም ያልኩበት ቀን

ከለቅሶ ቤት ነው የወሰዱኝ። የሣልስቱ ሰው ተበትኖ፣ መካኒሳ አቦ አካባቢ ከሰፈር ልጆች ጋር የእድሩን ድንኳን እያጣጠፍን ሳለ ሁለት ሰዎች መጡና «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግዎታለን» አሉኝ። የዚያን ዘመን አምስት ደቂቃ እስከ የት እንደሚረዝም የማያውቅ አልነበረም። ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ አራገፍኩና ልጆቹን «ሸራው ሳይደርቅ እንዳታስገቡት፣ ይሻግታል» ብያቸው ሄድኩ። ስንብቴ ይኸው ነበር።

ያስገቡኝ ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ወዳለ አሮጌ ዕቃ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድሮ ጋዝ ይቀመጥበት ስለነበር ግድግዳው ሁሉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ሴት እስረኛ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከወንዶቹ ለይተው ብቻዬን ቆለፉብኝ። ከግድግዳው ወዲያ ወንዶቹ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዳንዴም ሲጣሉ እሰማለሁ። በሰው ጠብ ትቀኛለሽ ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ቀናሁ።

ማን እንደነበርኩ ጥቂት ልበል። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፤ በሰፈሩ ግን ልጅ አጥቼ አላውቅም። ሥራ አጥተው ድንጋይ ላይ ሲውሉ የማያቸውን ወጣቶች ሰብስቤ የእድሩን ድንኳን መትከል አስተማርኳቸው። ከዚያ ጧሪ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ውኃ መቅዳቱ፣ በሽተኛ በቃሬዛ ማውጣቱ፣ ክረምት ሲመጣ ቦይ መጥረጉ ተከተለ። ፈተና የደረሰባቸው ደግሞ ልብስ ከምሰፋበት ክፍል እየመጡ ያጠናሉ። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ከየቤቱ ግር ብለው ይወጣሉ፤ ያስጠረጠረኝም ይኸው ግር ብሎ መውጣት ነው።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ።

«እነዚህን ልጆች ማን ነው የሚያደራጃቸው?» አለኝ።

«ሞት» አልኩት። «ሰው ሲሞት ይመጣሉ።»

«ያለ ክፍያ?»

«ንፍሮ ይበላሉ።»

አልሳቀም። «ሰው በነፃ አይሠራም፣ እትዬ። ከጀርባቸው ያለውን ይንገሩኝና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ከጀርባቸው ያለሁት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማንን ልንገረው? እሱም ብዕሩን ኪሱ ከተተና «ግድ የለም» አለ። «ስንቅ ይዞ የሚመጣውን እናያለን። እሱ ይነግረናል።»

ከቁልፉ ይልቅ ያሰረችኝ ይቺ ቃል ናት። በዚያ ጣቢያ እስረኛን የሚያበላው ዘመዱ ነው፤ ጠያቂ የሌለው በደረቅ ዳቦና በሻይ ይውላል። የኔ ዘመዶች አገር ቤት ናቸው፤ መታሰሬንም አልሰሙም። ሊመጣ የሚችል ቢኖር ከልጆቹ አንዱ ነው። የመጣው ደግሞ ይያዛል።

እንዳይመጡ ጸለይኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ጸሎቴ ከልብ አልነበረም። ረፋድ ላይ ስንቅ ሲገባ ፖሊሱ በረንዳው ላይ ቆሞ የእስረኛ ስም ይጠራል፤ ያመጣው ሰው ከምግቡ ቆርሶ እፊቱ ይቀምሳል። እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ስሜን እጠብቃለሁ። ሳይጠራ ሲቀር «ተመስገን» እላለሁ፤ ተመስገን ብዬ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። «ያን ሁሉ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዓመት! አንድ እንኳ?» እያልኩ አኮረፍኳቸው። ለማን ዩኒፎርም እንደሰፋሁ፣ ማንን አዝዬ ሐኪም ቤት እንዳደረስኩ፣ ውለታዬን አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ። ብቸኝነት ሰውን ያሳንሳል፤ እኔንም አሳንሶኝ ነበር።

አንድ ቀን በሩ ተከፈተ። አዛውንቱ ተረኛ ፖሊስ በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዞ ቆሟል፤ መርማሪው ከኋላው አለ።

«ስንቅ መጥቶልሻል፣ እቴ» አለኝ ፖሊሱ። ለኔ ደስ ያለው ይመስላል።

«ከማን?»

«አክስቴ ናት የምትል ልጅ ናት ያመጣችው። በረንዳው ላይ ቆማለች።»

እህት የለኝም፤ ወንድሞቼም ሴት ልጅ አልወለዱም። ሳህኑን አየሁት፣ አላውቀውም። ጨርቁንም አላውቀውም። ቋጠሮውን ግን አወቅሁት። የድንኳኑን ገመድ ከካስማው ጋር የምናስርበት ቋጠሮ ነው፤ ሲታገሉት እየጠበቀ የሚሄድ፣ አጭሩን ጫፍ ሲስቡት ግን ባንዴ የሚፈታ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የዞረው ደግሞ ወደ ግራ ነው፤ ከልጆቹ ግራኝ የነበረችው አንዷ ብቻ ናት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የደረሰባት። እነዚህ ቂሎች ተማክረው፣ ዘመድ ፈጥረው፣ የማላውቀውን ሳህን ተውሰው፣ መጨረሻ ላይ እጃቸው የለመደውን አስረውበት መጡ! ያን ጊዜ እንደወደድኳቸው ማንንም ወድጄ አላውቅም።

«ይፍቱት» አለ መርማሪው። ዓይኑ እጄ ላይ ነው።

እጄ ሳላዘው ወደ አጭሩ ጫፍ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። በጥፍሬ ቧጠጥኩት፣ በጥርሴም ሞከርኩት፤ ጠበቀ እንጂ አልተፈታም። ከጨርቁ ሥር የምስር ወጥ ሽታ መጣ፤ ገና ትኩስ ነው። ሆዴ ጮኸ፤ ሦስታችንም ሰማነው።

«ያውቋታል?»

በረንዳው ድረስ እንዲሰማ አድርጌ መለስኩለት።

«አላውቃትም! የእህት ልጅ የለኝም። የሌላ ሰው ስንቅ ይሆናል፣ ተሳስታ ነው። ይዛው ትሂድ!»

«ከልጆችዎ አንዷ ትሆናለች እንጂ።»

«የኔ ልጆች ቢሆኑማ እስከ ዛሬ ይጠብቁ ነበር?» አልኩት። «ረስተውኛል።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። ማስመሰል አልነበረም፤ ስንት ቀን ሙሉ ሳምነው የከረምኩት ነገር ነው። እሱም ያመነኝ ለዚህ ይመስለኛል። ጥቂት አየኝና ሳህኑን ከእጄ ወስዶ ለፖሊሱ መለሰና «ስጣትና ትሂድ» አለው።

ፖሊሱ ቆየት ብሎ ብቻውን ተመለሰ። «ሄዳለች» አለኝ። ምን አለች፣ አለቀሰች ወይ፣ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የማላውቃት ልጅ ብታለቅስስ ምን አገባኝ? ሲወጣ ጠብቄ በጣሳ ከተሰጠኝ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ለበስኩ፣ ደረቅ ዳቦዬን አማትቤ ቆረስኩ። ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠራ ወደ በሩ አልሄድኩም።

ክስ ሳይመሠረትብኝ አንድ ቀን «ውጪ» አሉኝና ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ የእድሩን ድንኳን የሚተክሉት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ልጆቹን ወላጆቻቸው ፈርተው ከልክለዋቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። ያቺ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ክፍለ ሀገር ሄዳለች፤ አድራሻዋን የሚያውቅ አላገኘሁም። የዚያን ቀን ነገሩ ገብቷት ይሁን፣ ወይስ ትኩስ ሳህን ታቅፋ እንደተካደች ቆጥራው ሄዳ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ሳይገባት አይቀርም» ይሉኛል ሰዎች። ይሁን እላለሁ፤ እሷ ግን መጥታ አልነገረችኝም።

አሁን አርጅቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ አብዛኛውን ቀን ብቻዬን ነው የምውለው። አልፎ አልፎ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች በሬን አንኳኩተው «እትዬ፣ አወቁኝ?» ይሉኛል። ብዙዎቹን አላውቃቸውም፤ መልክ እየጠፋኝ ነው። ግን አንድ ጊዜ የማውቃትን ልጅ አላውቃትም ብያለሁና ያ ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም።

«እንዴት አላውቅህ!» እላለሁ። «ግባ እንጂ፣ ልጄ።»